ከጄድ ስለሚሠሩ የቻይና የእንስሳት ቅርጾች

በአንድ የዕቃ ዝርዝር ላይ «የጄድ ፈረስ፤ ብዛት 12» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ይህ ቃል ለገዢው የሚያስረዳው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ፈረሱ ከከበረ ድንጋይ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከተራ ድንጋይ ተሠርቶ አረንጓዴ ቀለም የተነከረም ሊሆን ይችላል፤ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብርጭቆም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ሦስቱም ያብረቀርቃሉ፤ ሦስቱም ውስጡ በሐር ጨርቅ በተለበጠ ሣጥን ተቀምጠው ይቀርባሉ። የዋጋቸው ልዩነት ግን የእጥፍ ወይም የሁለት እጥፍ ሳይሆን፣ ከመቶ እጥፍ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ዕቃውን ያስመጣው ነጋዴ ይህን ልዩነት የሚያውቀው ከሸጠ በኋላ፣ ያውም ደንበኛው ድንጋዩን በሌላ አገር አስመርምሮ ሲመለስበት የሆነ እንደ ሆነ፣ የሚጎዳው ኪሱ ብቻ ሳይሆን የንግድ ስሙም ጭምር ነው።

የችግሩ ሥር ያለው በስሙ ላይ ነው። ቻይናዎች ይህን ድንጋይ በቋንቋቸው «ዩ» ይሉታል። ይሁን እንጂ «ዩ» የአንድ ድንጋይ ብቻ ስም አይደለም፤ ለዓይን ያማረ፣ ለእጅ የለሰለሰ፣ ሲወለወል የሚያበራ ድንጋይ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ስም ሲጠራ ኖሯል። በሊያውኒንግ ክፍለ ሀገር ከሺውየን የሚወጣው ሰርፐንቲን የተባለው ለስላሳ ድንጋይ «የሺውየን ዩ» ይባላል፤ በሄናን ክፍለ ሀገር በናንያንግ ከተማ አጠገብ ከዱሻን ኮረብታ የሚቈፈረው ሌላ ዓይነት ድንጋይም «የዱሻን ዩ» ይባላል። ሻጩ በገዛ ቋንቋው ይህን ሲል አልዋሸም። ስሕተቱ የሚወለደው «ዩ» የሚለው ቃል በደረሰኝ ላይ «ጄድ» ተብሎ በሚተረጐምበት ጊዜ ነው፤ በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ንግድ ጄድ ተብለው ሊጠሩ የሚገባቸው ሁለት ድንጋዮች ብቻ ናቸውና።

«ጄድ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከእስጳንያ ቋንቋ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት እስጳንያውያን ወደ አሜሪካ በተሻገሩ ጊዜ፣ የአገሩ ሰዎች የጎን ሕመምን ይፈውሳል ብለው አረንጓዴ ድንጋይ ሲይዙ አይተው «የጎን ድንጋይ» አሉት፤ ስሙም በፈረንሳዮች አፍ ሲያልፍ «ጄድ» ሆነ። በላቲን «የኵላሊት ድንጋይ» ከሚለው አጠራር ደግሞ «ኔፍራይት» የሚለው ስም ወጣ። ሁለቱ ስሞች ለአንድ ነገር ሲነገሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ1863 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አሌክሲስ ዳሙር የተባለ ፈረንሳዊ የማዕድን ሊቅ ድንጋዮቹን በኬሚስትሪ መርምሮ፣ ጄድ የሚባለው ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች መሆኑን ገለጠ። አንደኛው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት ያለበት ኔፍራይት ነው። ሶዲየምና አሉሚኒየም ያለበትን ሁለተኛውን ድንጋይ ዳሙር «ጄዳይት» ብሎ ሰየመው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኢያስጲድ» ተብሎ የሚገኘው ከሁለቱም የተለየ ድንጋይ ስለ ሆነ፣ የጄድ ትርጓሜ አድርጎ በሰነድ ላይ መጻፍ አይገባም።

ኔፍራይት የቻይናዎች የጥንቱ ጄድ ነው። እጅግ የታወቀው የሚገኘው በምዕራባዊው የሺንጂያንግ ግዛት፣ በኾታን ከተማ አጠገብ፣ ከኩንሉን ተራሮች በሚወርዱት በዩሩንግካሽና በካራካሽ ወንዞች ውስጥ ነው፤ የስማቸውም ትርጓሜ ነጭ ጄድና ጥቍር ጄድ ማለት ነው። ወንዙ ድንጋዩን ከተራራ ነቅሎ እያንከባለለ ሲያመጣው፣ ስንጥቅ ያለበት ክፍል በመንገድ ተሰብሮ ይቀርና ጠንካራው ብቻ ድቡልቡል ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ የወንዝ ጠጠር ከተራራ ተቈፍሮ ከሚወጣው ድንጋይ ይልቅ ይወደዳል። ከሁሉ የሚበልጠው «የበግ ስብ» የሚባለው፣ ነጭነቱ ረጋ ያለና ቅባት የተቀባ የሚመስለው ነው። ጄድ ሁሉ አረንጓዴ ነው ብሎ የሚያስብ ገዢ ይህን ነጭ ድንጋይ ንቆ ሊያልፈው ይችላል።

ጄዳይት ግን የቻይና ድንጋይ አይደለም። የሚመጣው በሰሜን በርማ (ሚያንማር) ከካቺን ግዛት ሲሆን፣ በብዛት ወደ ቻይና መግባት የጀመረው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ከኔፍራይት ይልቅ ብሩህና ደማቅ አረንጓዴ ስለሚገኝበት፣ ቻይናዎች ዓሣ አጥማጅ በምትባለው ባለ ደማቅ ላባ ወፍ ስም «ፈይጹይ» ብለው ጠሩት። ከዚህ ታሪክ ነጋዴው አንድ ጠቃሚ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም ከሚንግ ነገሥታት ዘመን ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ የጄዳይት አንበሳ ነው ተብሎ የሚቀርብለትን ዕቃ ገና ሳይነካው ሊጠራጠረው እንደሚገባ ነው፤ የሚንግ መንግሥት የወደቀው በ1644 ነውና።

ቻይናዎች ከጄድ እንስሳን መቅረጽ የጀመሩበት ዘመን እጅግ የራቀ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሆንግሻን በተባለው ጥንታዊ ሥልጣኔ፣ ከ5,000 ዓመት በፊት፣ የዐሣማ ፊት የመሰለ ራስና የተጠቀለለ ገላ ያለው ዘንዶ ከጄድ ይሠራ ነበር። በ1976 በአንያንግ የተከፈተው የፉ ሐው መቃብር፣ ማለት የሻንግ ንጉሥ የዉ ዲንግ ሚስት መቃብር፣ 755 የጄድ ዕቃዎች የተገኙበት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ዝሆን፣ ድብ፣ የእስያ ነብርና ልዩ ልዩ አዕዋፍ ይገኛሉ፤ የተሠሩትም ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በሃን ነገሥታት ዘመን በሟች ምላስ ላይ ሲካዳ የምትባለው ነፍሳት የጄድ ምስል ትደረግ ነበር፤ ሲካዳ ከመሬት ውስጥ ወጥታ ቅርፊቷን ገፍፋ የምትበር በመሆኗ የዳግም ሕይወት ምሳሌ ናት። በሟች እጆች ደግሞ የጄድ ዐሣማ ይያዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተከታተሉት ዘመናት የጄድ እንስሳ ከመቃብር ወጥቶ ወደ ሕያዋን ቤት ገባ፤ በሊቃውንት ጠረጴዛ ላይ የወረቀት መጫኛ፣ በመታጠቂያም ላይ ማንጠልጠያ ሆነ። ዛሬ በገበያ የሚታየው በእጅ መዳፍ የሚያዝ ፈረስ፣ ጎሽ ወይም ውሻ የዚህ ልማድ ልጅ ነው።

ስለ አሠራሩ ማወቅ ለነጋዴ ከታሪኩ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ዋጋው የሚገኘው እዚያ ነውና። በልማድ «የጄድ ጠራቢ» ይባላል እንጂ ጄድ አይጠረብም። እንደ እብነ በረድ በመዶሻና በመሮ ሊፈለጥ አይችልም። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ኔፍራይት ከ6 እስከ 6.5፣ ጄዳይት ከ6.5 እስከ 7 ሲሆን፣ የተራ ቢላዋ ብረት 5.5 ያህል ነው። ከዚህም በላይ በተለይ የኔፍራይት ውስጠኛ ክፍል እንደ ቃጫ እርስ በርሳቸው በተጠላለፉ ጥቃቅን ክሮች የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ቢመታ እንኳ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ሊሸነፍ የሚችለው ከራሱ በጠነከረ አሸዋ ተፈግፍጎ ብቻ ነው።

የቻይና ባለ ሙያዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲሠሩ የኖሩትም እንዲሁ ነው። የኳርትዝ፣ የጋርኔት ወይም የኮረንደም አሸዋ በውኃ ለውሰው፣ ድንጋዩን በገመድ ወይም ጥርስ በሌለው ሽቦ እየፈገፈጉ ይቈርጡታል፤ የሚቈርጠው ሽቦው ሳይሆን አሸዋው ነው። ኋላም በእግር የሚረገጥ መኪና መጣ። ሠራተኛው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁለት መርገጫዎችን በየተራ ሲረግጥ፣ ጠርዙ የሳሳ ክብ ብረት ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ በአንድ እጁ ድንጋዩን ከብረቱ ጋር ያገናኛል፤ በሁለተኛው እጁ እርጥብ አሸዋውን እየዘገነ ያቀርባል። ሊ ሺጩዋን የተባለ ሠዓሊ በ1891 ይህን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተከታታይ ሥዕሎች አሳይቶታል፤ ሥዕሎቹም ሄበር ቢሾፕ የተባለ አሜሪካዊ ሰብስቦ ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ስለ ሰጠው የጄድ ክምችት በ1906 በታተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። መጨረሻ ላይ ቅርጹ በእንጨት፣ በቆዳና በደቃቅ ዱቄት ይወለወላል። የጄድ ልዩ ብርሃን የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ውልወላው ያልተሟላ ሥራ ድንጋዩ የቱንም ያህል ቢከብር ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል።

ይህ አሠራር የእንስሳቱን መልክ ጭምር ወስኖታል። ፈረሱ ወይም ጎሹ ብዙውን ጊዜ እግሮቹን አጥፎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ መልሶ፣ ተኝቶ የሚታየው ለውበት ሲባል ብቻ አይደለም። ድንጋዩ በውድ የተገዛ ነው፤ የቆመ ፈረስ ለማውጣት በአራቱ እግሮች መካከል ያለው ሁሉ ዱቄት ሆኖ ከውኃው ጋር መፍሰስ አለበት። የተኛ ፈረስ ግን ከጠጠሩ ድቡልቡልነት ጋር ይስማማል፤ የሚባክነውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ደኅና ባለ ሙያ አስቀድሞ «ፈረስ ልሥራ» ብሎ አይነሣም። ድንጋዩን እያገላበጠ ለብዙ ቀን ይመለከትና፣ ስንጥቁ የት እንደሚያልፍ፣ ቀለሙ የት እንደሚለወጥ ለይቶ፣ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ለየትኛው እንስሳ እንደሚስማማ ይወስናል። የወንዝ ጠጠር ከላይ በብረት ዝገት የተነካ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ቅርፊት አለው። ያልበሰለ ሠራተኛ ይህን ፍቆ ይጥለዋል፤ የበሰለው ግን የፈረሱ ጋማ፣ የውሻው ጆሮ ወይም የዳክዬዋ ክንፍ ያደርገዋል።

ለዚህ ብልሃት በዓለም የታወቀው ምሳሌ በታይፔ ብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚገኘው የጄዳይት ጎመን ነው። ከ19 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚያንሰው ይህ ሥራ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ ስንጥቅም የነበረበት ድንጋይ ነው። ለአምባር ቢታሰብ ኖሮ እንደ ጉድለት በተቈጠረበት ነበር። ባለ ሙያው ግን ነጩን የጎመን ግንድ፣ አረንጓዴውን ቅጠል አደረገው፤ ስንጥቆቹንም በቅጠሉ ጅማቶች ሸሸጋቸው፤ በአረንጓዴው ጫፍ ላይም አንበጣና ፌንጣ አስቀመጠ። ከጄድ ዕቃ ዋጋ ውስጥ ስንቱ የድንጋዩ፣ ስንቱ የእጁ እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

በ1890ዎቹ ካርቦራንደም የተባለው በፋብሪካ የሚሠራ መፈግፈጊያ በአሜሪካ ተጀመረ፤ ዛሬም የመርገጫው መኪና ቀርቶ አልማዝ የተቀባ መሰርሰሪያ በኤሌክትሪክ ይዞራል። ብዙ ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ከዚህ አልፎም በኮምፒዩተር የሚመራ መኪና አንዱን ፈረስ ከሌላው ሳይለይ መቶ ጊዜ ይደግመዋል። በመጀመሪያ የተጠቀሱት 12 ፈረሶች በመጠን፣ በአንገት አጣጣልና በጋማ መስመር ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ በእጅ የተሠሩ ናቸው የሚለውን ቃል መቀበል አይቻልም። በመኪና የተሠራ ዕቃ ነውር የለበትም፤ ገዢም አለው፤ ነውሩ በእጅ ሥራ ዋጋ መሸጡ ነው። ለመለየት የሚሻ ሰው ቅርጹን ገልብጦ ሆዱንና የእግሮቹን ውስጥ በማጉያ መነጽር ይመልከት። ጥሩ ባለ ሙያ ማንም የማያየውን የእንስሳውን ሆድ እንደ ፊቱ አድርጎ ይጨርሰዋል፤ የችኰላ ሥራ ግን በጣት መግቢያው ቦታ ሁሉ ሻካራና ያልተወለወለ ነው።

እንስሳው ራሱ ምን እንደ ሆነም ከገበያው ጋር ግንኙነት አለው። በአማርኛ ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለ ሁሉ፣ በቻይናም ብዙው የጄድ እንስሳ ሰም ነው፤ ወርቁ በድምፅ መመሳሰል የተሸሸገው ምርቃት ነው። የሌሊት ወፍ «ፉ» ትባላለች፤ በረከትም «ፉ» ይባላል፤ ስለዚህ በሌላው አገር የምትጠላው የሌሊት ወፍ በቻይና የሠርግ ስጦታ ናት። አጋዘን «ሉ» ሲባል የሹመት ደመወዝም «ሉ» ነው። ዓሣና ትርፍ በቻይንኛ በአንድ ድምፅ «ዩ» ይባላሉ። ጦጣ በፈረስ ላይ ተቀምጣ ብትገኝ፣ በፈረስ ላይ ማለት በቋንቋቸው «ወዲያው» ማለትም ስለ ሆነ፣ የጦጣም ስም ከመስፍንነት ማዕርግ ስም ጋር ስለሚገጥም፣ ቅርጹ «ወዲያው ተሾም» የሚል ምርቃት ነው። ድርጭት ሰላም ናት፤ ድመትና ቢራቢሮ አብረው ሲሆኑ ለሽማግሌ የሚሰጥ የረጅም ዕድሜ ምኞት ናቸው።

ለባለ ሱቅ የቀረበው ግን ፒሺው የተባለው ክንፍ ያለው፣ አንበሳ የሚመስል የተረት አውሬ ነው። ወርቅና ብር ይውጣል፤ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን የለውም ተብሎ ስለሚታመን፣ ብዙ ቻይናዊ ነጋዴ በሱቁ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ ያስቀምጠዋል። በተቃራኒው ኤሊ የረጅም ዕድሜ ምልክት ብትሆንም፣ ስሟ በተራው ሰው አነጋገር ስድብ ስለ ሆነ፣ ለቻይናዊ የንግድ ወዳጅ በስጦታ ለመስጠት የሚያስብ ሰው ሌላ እንስሳ ቢመርጥ ይሻለዋል። አራት ቍጥርም ከሞት ስም ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ፣ አራት አራት ሆኖ የተሣጠነ ዕቃ በቻይናውያን ዘንድ ደስ አይልም። ከአሥራ ሁለቱ የዓመት እንስሳት አንዱ ሲሆን ደግሞ፣ ፈላጊው የሚበዛው ያ ዓመት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ሣጥን አሥራ ሁለት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ማታለል ነው። ሐሰተኛው ጄድ ብዙውን ጊዜ የአንድ አገር ስም ተቀጽሎለት ይቀርባል። «የማሌዥያ ጄድ» የሚባለው ቀለም የተነከረ ኳርትዛይት ነው፤ «የአውስትራሊያ ጄድ» ክሪሶፕሬዝ ነው፤ «የህንድ ጄድ» አቬንቱሪን የተባለ የኳርትዝ ዓይነት ነው፤ «የትራንስቫል ጄድ» ከጋርኔት ወገን ነው፤ «የአፍጋኒስታን ጄድ» ብዙ ጊዜ እብነ በረድ ሆኖ ይገኛል፤ «አዲስ ጄድ» ደግሞ ሰርፐንቲን ነው። የአገር ስም ያለበት ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም፤ ከካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያና ከሳይቤሪያ የሚወጣው እውነተኛ ኔፍራይት በብዛት ወደ ቻይና ሄዶ እዚያ ይቀረጻል። እንዲያውም በቻይና የደረጃ ደንብ መሠረት «የኾታን ዩ» የሚለው ስም የድንጋዩን ዓይነት እንጂ የወጣበትን ቦታ አያመለክትም፤ ከሩስያም ሆነ ከኮሪያ የመጣ ኔፍራይት በዚህ ስም ምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ለኾታን ወንዝ ጠጠር ዋጋ ከፍሎ የሳይቤሪያን የተራራ ድንጋይ የተቀበለ ሰው፣ ወረቀቱን ይዞ ቢከራከር አይረታም።

ባለ ሱቅ ያለ ትልቅ መሣሪያ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ጥሩ ፈተና አለ፤ እርሱም በውኃ መመዘን ነው። ቅርጹ ከእንጨት ወይም ከብረት መቀመጫው ተላቆ በደቃቅ ሚዛን ይመዘናል፤ ቀጥሎ በቀጭን ክር ታስሮ፣ ሙሉ በሙሉ በውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ የመያዣውን ግድግዳና መሬት ሳይነካ እንደ ገና ይመዘናል። የመጀመሪያው ክብደት በሁለቱ ክብደቶች ልዩነት ሲካፈል የድንጋዩ እፍግታ ይገኛል። ለምሳሌ 300 ግራም የሚመዝን ፈረስ በውኃ ውስጥ 198 ግራም ቢሆን፣ ልዩነቱ 102 ነው፤ 300 ለ102 ሲካፈል 2.94 ይሆናል፤ ይህ የኔፍራይት ልክ ነው። በውኃ ውስጥ 210 ግራም ቢመዝን ውጤቱ 3.33 ነው፤ ይህም የጄዳይት ልክ ነው። 187 ግራም ቢሆን ግን ውጤቱ 2.65 ስለ ሆነ፣ ድንጋዩ ኳርትዛይት መሆኑን ያጋልጣል። ሰርፐንቲን ከዚህም ዝቅ ብሎ 2.6 አካባቢ ይገኛል። በቢላዋ መጫር የሚባለው የድሮ ፈተና ለስላሳውን ሰርፐንቲን ወይም በጥፍር የሚጫረውን ሳሙናማ ድንጋይ ቢለይም፣ ኳርትዛይት ከጄድ የማያንስ ጠንካራ በመሆኑ ያታልላል፤ ደግሞም የሰውን ዕቃ ሳይገዙ መጫር ጠብ ያመጣል።

ሚዛኑም የማይደርስበት ነገር አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጄዳይት በአሲድ ታጥቦ ቡናማው እድፍ ከወጣለት በኋላ፣ በተበላው ቦታ ፕላስቲክ እንዲሰርግበት የሚያደርግ ሥራ ተስፋፋ። በንግዱ ቋንቋ ሰም ከመቀባት በቀር ያልተነካው «ዓይነት ኤ»፣ በአሲድ ታጥቦ ፕላስቲክ የገባበት «ዓይነት ቢ»፣ ቀለም የተነከረው «ዓይነት ሲ» ይባላል። «ቢ» አዲስ ሆኖ ሲታይ ከ«ኤ» ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን ፕላስቲኩ ይወይባል፤ ድንጋዩም ውስጡ የተበላ ስለ ሆነ ይሰነጠቃል። «ሲ» በብርሃንና በሙቀት ይደበዝዛል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይም ቀለሙ በስንጥቆቹ ውስጥ እንደ ሥር ተሰራጭቶ ይገኛል። ከወሎ የሚወጣውን ኦፓል የሚነግዱ ሰዎች የተነከረ ድንጋይ የሚያመጣውን ክርክር ያውቁታል። «ቢ»ን በእርግጠኝነት የሚለየው ግን የኢንፍራሬድ መመርመሪያ ያለው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

«ጥንታዊ ነው» ተብሎ ስለሚቀርብ እንስሳ አንድ ቀላል ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ቻይና በ2007 ባወጣችው ደንብ ከ1911 በፊት የተሠሩ እንዲህ ያሉ ቅርሶች ከአገር እንዳይወጡ ከልክላለች። ስለዚህ ከጓንዡ ሱቅ ተገዝቶ በቀጥታ የሚመጣ «የ300 ዓመት» አንበሳ፣ እውነት ጥንታዊ ከሆነ በሕገ ወጥ መንገድ የወጣ ነው፤ በሕግ የወጣ ከሆነም አዲስ ነው። አስቀድመው ከቻይና የወጡ ጥንታዊ ሥራዎች በለንደን፣ በኒውዮርክና በሆንግ ኮንግ ሐራጆች ይሸጣሉ፤ ዋጋቸውን የሚይዘውም በየጊዜው የማን ንብረት እንደ ነበሩ የሚያሳየው ሰነድ ነው። ቡናማ እድፍ ብቻውን ዕድሜ አይመሰክርም፤ በእሳትና በኬሚካል በአንድ ሳምንት ይሠራልና።

የጄዳይት ምንጭ የሆነው አገር ሁኔታም ለነጋዴ የራቀ ነገር አይደለም። በካቺን ግዛት በፓካን የማዕድን ስፍራ ሐምሌ 2 ቀን 2020 የተቈለለ የቍፋሮ ዐፈር ተንዶ፣ ከትርፍራፊው ውስጥ ጄድ ይፈልጉ ከነበሩት ድኾች ከ170 የሚበልጡት ሞተዋል። ዩናይትድ ስቴትስ በ2008 በወጣ ሕግ የበርማ ጄዳይት ወደ አገሯ እንዳይገባ ከልክላ በ2016 ክልከላውን አንሥታ ነበር፤ ነገር ግን ከ2021ዱ የወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የከበሩ ድንጋዮችን ንግድ በሚመራው የበርማ መንግሥት ድርጅት ላይ ማዕቀብ ጣለች። ቻይና ውስጥ የተቀረጸ የጄዳይት እንስሳ ገዝቶ ወደ ሌላ አገር እንደ ገና ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በዚያ አገር ስለ በርማ ድንጋይ በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ሊያጣራ ይገባዋል።

ግዥው በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚፈጸም ከሆነ፣ ባንኩ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ሣጥኑን አይደለም። በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ «የጄድ ፈረስ» ብቻ ከተጻፈ፣ ሰርፐንቲን የላከውም ሻጭ ይህንኑ ቃል የያዘ ደረሰኝ አቅርቦ ገንዘቡን ያነሣል። ስለዚህ በሰነዱ ላይ የድንጋዩ ትክክለኛ ስም፣ ኔፍራይት ወይም ጄዳይት መሆኑ፤ ጄዳይት ከሆነ «ዓይነት ኤ» መሆኑ፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ ክብደትና መጠን፤ በእጅ ወይም በመኪና መሠራቱ እንዲገለጥ ያስፈልጋል። ከዚህም ጋር ከሻጩ የተለየ ላቦራቶሪ የሰጠው፣ የቅርጹ ፎቶግራፍ ያለበት ምስክር ወረቀት ለክፍያ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ ይሁን። በጕምሩክ በኩል ከጄድ የተሠራ ቅርጽ በታሪፍ ቍጥር 71.16 ሥር ከከበሩና ከፊል ከከበሩ ድንጋዮች ሥራዎች ጋር ይመደባል፤ ሳሙናማው ድንጋይ ግን ከምዕራፍ 71 ውጭ ስለ ሆነ፣ በስሙ የተሳሳተ ደረሰኝ ያቀረበ አስመጪ ከሻጩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጕምሩክም ጋር መከራከር ይመጣበታል።